መለከቱ ሲነፋ የቆመው ሰው

ሻምበል ሃጊኖ ኬይጎ በአካዳሚው ክሊኒክ፣ ዕጩ መኮንኖች ቁርጭምጭሚታቸው ሲወለም በሚተኙበት ጠባብ አልጋ ላይ፣ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። አንሶላው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። በዚህ ግቢ አንሶላ ሳይወጥር የሚያነጥፍ ሰው የለም፤ ለሬሳም ቢሆን አይዝረከረክም።

ሻለቃ ቶኪዋ ማሳኤ አንሶላውን ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው። የወታደራዊ ፖሊስ መርማሪ ናት። ጡረታዋ ደርሷል፣ ጉልበቷ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያማታል፣ የዘንድሮው የአውሎ ነፋስ ወራት ደግሞ ዝናቡን ሊያቆም አልቻለም። ከዮኮሃማ በጠዋቱ ባቡር ስትመጣ መንገዱን ሁሉ ስታንቀላፋ ነው የመጣችው።

«በምን ሞተ?» ብላ ሐኪሙን ጠየቀችው።

«በውኃ ነው። የኋላ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ የጀልባ ማውረጃው ሐዲድ ላይ ወድቆ ይመስለኛል። ግን ፍንክቱ ብቻውን አይገድለውም ነበር። ራሱን ስቶ በተዳፋቱ ተንከባለለና ፊቱ ውኃው ውስጥ ገባ። ባሕሩ እየሞላ ነበር።»

«ወዲያው ቢያነሡት ኖሮስ?»

ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። «ምናልባት።»

የሥልጠና ኃላፊው የኮሎኔል ኢናጋኪ ቢሮ ኮረብታው ላይ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ከመስኮታቸው ፊት ለፊት የሰልፍ ሜዳውና የሰንደቁ ምሰሶ ይታያል። ኮሎኔሉ ጸጉራቸው ቢሸብትም ወገባቸው ያልጎበጠ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው እዚሁ ተምረው ወጥተው፣ ዕድሜያቸውን በየጦር ሰፈሩ ሲዞሩ ኖረው፣ ባለፈው ጸደይ ነው በኃላፊነት የተመለሱት።

«እንደው ለደንቡ ያህል ነው ያደከምንዎት፣ ሻለቃ» አሉ ወንበር እየሳቡላት። «ነገሩ ያለቀለት ነው። ልጁ አምኗል። ሙናካታ ሶሄይ ይባላል፤ የሁለተኛ ዓመት ዕጩ መኮንን ነው፣ ባሕር ኃይል የተመደበ። ትናንት ማታ የሰንደቅ መለከት እንዳበቃ የጀልባ ኃላፊው ባሻ ኦኩዴራ ሲደርሱ ሬሳውን ታቅፎ ‹እኔ ነኝ የገደልኳቸው› እያለ ይጮህ ነበር። ዛሬ ማታ ሰንደቅ እንደወረደ የከተማው ፖሊስ መጥቶ ይረከበዋል።»

«ለምን ገደለው?»

«ሃጊኖ አሠልጣኙ ነበር። ጠበቅ አድርጎ ይዞታል፤ ከወር በላይ የእረፍት ፈቃድ ከልክሎታል። ልጁ ‹አካዳሚውን ልልቀቅ› ቢል ደግሞ ‹አልፈርምልህም› አለው። ወጣት ነው፤ ደሙ ፈላ።»

«እርስዎ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ፣ ጌታዬ?»

ኮሎኔሉ ፈገግ አሉ። «እኔም ተጠርጣሪ ሆንኩ? እዚሁ ነበርኩ፤ ብቻዬን። መለከቱ ሲነፋ መስኮቱ ላይ ቆሜ ሰንደቁ ሲወርድ አየሁ። እንደ ወትሮው አምሮ ነው የወረደው። እርስዎ ብቻ ፊርማዎን ያኑሩልንና በምሳ ሰዓት ባቡር ይመለሱ።»

ቶኪዋ የምሳ ሰዓቱን ባቡር በጣም ፈልጋው ነበር። ልጁን ግን ገና አላየችውም። ያላየችውን ልጅ ለነፍስ ግድያ ክስ አሳልፋ ሰጥታ ባቡር ላይ ማንቀላፋት አሁንም አልሆነላትም።

ልጁ በዘብ ቤቱ ኋለኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ሃያ ዓመቱ ነው። ዓርብ በመሆኑ ከባሕር ኃይሉ ልማድ የመጣው የዓርብ ካሪ ወጥ ከነሩዙ ፊቱ ቀርቦለታል፤ አልነካውም።

«ካልበላኸው እኔ ልብላው» አለች ቶኪዋ። «ጠዋት ምንም አልቀመስኩም።»

ልጁ ደንግጦ ሳህኑን ገፋ አደረገላት። ጥቂት ጎረሰችና «እንዴት ገደልከው?» አለች፤ ጨው አቀብለኝ የምትል ያህል በቀላሉ።

«መታኋቸው።»

«የቱ ጋ?»

«ፊታቸው ላይ።»

የሃጊኖ ፊት ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ቶኪዋ ሌላ ማንኪያ ጎረሰች። «ክፉ ሰው ነበር?»

«‹አውሎ ነፋስ› ነበር የምንላቸው» አለ ልጁ። «ፍራሽ ገልብጠው፣ ቁምሳጥን አራግፈው፣ አንሶላ በመስኮት ወርውረው ይሄዳሉ። ስምንት ሆነን ነው አንድ ክፍል የምንኖረው፤ የአንዱ አንሶላ ከተጨማደደ የሁላችንም ይወረወራል። እስኪነጋ ሸሚዝ ስንተኩስ ነው የምናድረው። ልልቀቅ ስላቸው ግን አልተቆጡም። ‹የደከመ ሰው ምንም አይወስንም። አንድ ሳምንት ከሩጫ አሳርፍሃለሁ፤ ተኛበት። ያኔም ያው ከሆነ እፈርምልሃለሁ› አሉኝ። ደክሞሃል ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን ገደልከው?»

«ገደልኳቸው አልኩ እኮ! ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

እንባው ካሪው ላይ እንዳይንጠባጠብ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ይህ ልጅ ቁስሉ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም፤ እጁ የለበትም። ግን የሚውጠው አንድ ነገር አለ። ከሱ አፍ በልመና እንደማይወጣ ገባትና ተነሣች።

የጀልባ ማውረጃው፣ ጀልባ በሐዲድ ወደ ባሕር የሚወርድበት የሲሚንቶ ተዳፋት፣ ከገደሉ ሥር ነው። ከላይ ካለው መንገድ በረጅም ደረጃ ይወረዳል። የጀልባው መጋዘን ጣሪያ አብዛኛውን ቦታ ይሸፍነዋል፤ ከላይ ለቆመ ሰው የሚታየው ተዳፋቱ ከውኃው የሚገናኝበት ጫፍ ብቻ ነው። መንገዱን ያሳየቻት መቶ አለቃ ሺራኦ ናት። የአየር ኃይል መኮንን ናት፤ ከአምስት ዓመት በፊት ከዚሁ አካዳሚ ተመርቃ፣ ከሃጊኖ ጋር አንድ ሕንጻ ላይ ያሉ ዕጩዎችን ታሠለጥን ነበር።

«አትዋደዱም ነበር ይባላል» አለች ቶኪዋ እያነከሰች ደረጃውን ስትወርድ።

«እሱ እኔን ‹ሞግዚቷ› ይለኝ ነበር፤ እኔም እሱን ‹ሰው በላው›። አንድ ሕንጻ አብረን ስንጠብቅ ከእንቅልፍ ጋር ተቆራርጠን ነው የከረምነው። ደክሞን ስለነበር ነው የምንጣላው መሰለኝ። አሁን ስድቡ ናፈቀኝ፣ ይገርምዎታል?»

«አይገርመኝም። ትናንት በዚያ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ከመኝታ ቤቱ ሕንጻ ላይኛው ፎቅ፣ መስኮት ላይ። ምስክር የለኝም። ሰንደቅ የሚያወርዱትን ሁለት የመጀመሪያ ዓመት ልጆች እያየሁ ጥርሴን አፋጭ ነበር። ነፋሱ ሰንደቁን ገመዱ ላይ ጠቀለለባቸው፤ መለከቱ አብቅቶ እነሱ ገና ይጎትታሉ! ሌላ ቀን ቢሆን ግቢው መሳቂያ ያደርጋቸው ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እራት ላይ ነው፤ ይህ ሞት ተከተለ፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ቅጣታቸውን ሰኞ እሰጣቸዋለሁ።»

ታች ደረሱ። ተዳፋቱን ዝናብና ማዕበል አጥቦታል። መጋዘኑ ሥር ግን፣ የጣሪያው ክፈፍ ዝናቡን በከለከለበት ቦታ፣ ወፍራም ደለል ተጋግሯል። ሃጊኖ ከወደቀበት ሐዲድ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደለሉ ላይ የሁለት ጫማ አሻራ ነበር። ጭቃው ልል ስለሆነ የሶሉ ቅርጽ አልቀረም፤ አቋቋሙ ብቻ ቀርቷል። ቶኪዋ ጉልበቷ እየተንቋቋ ቁጢጥ አለች።

ሁለቱ ተረከዞች ተጋጥመዋል። የፊት ጫፎቹ ተከፍተዋል። ጠልቆ ገብቷል፤ የቆመው ሰው ሳይነቃነቅ ቆይቷል ማለት ነው። ይህ የሚሸሽ ወይም የሚታገል ሰው እግር አይደለም። ተጠንቀቅ የቆመ ሰው ነው።

በዚህ ግቢ የማታው መለከት ሲነፋ ደጅ ያለ ሁሉ ባለበት ይቆማል። የሚሮጠው ሩጫውን፣ የሚያወራው ወሬውን አቋርጦ ወደ ሰንደቁ ይዞርና መለከቱ እስኪያበቃ ተጠንቀቅ ይላል። ሰንደቁ ባይታይም ያው ነው። መኪና እንኳ ይቆማል።

«እዚህ ቦታ ብትሆኚ፣ መለከት ቢነፋ ወዴት ትዞሪያለሽ?» አለች ቶኪዋ ሳትነሣ።

ሺራኦ ሳታስብ በክንዷ ጥድ ወደ ሸፈነው ኮረብታ አመለከተች። «ወደዚያ።»

«ገደሉ ጋርዶታል እኮ። አይታይሽም።»

«አይታይም፤ እግር ግን ያውቀዋል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆነን ተሳስቶ የዞረ ሰው ግቢውን ሲዞር ነበር የሚያመሸው።»

ቶኪዋ አሻራውን ደግማ አየችው። የጫማው አፍንጫ ወደ ጥዱ አልዞረም። በተቃራኒው፣ በሌላ በኩል ወዳለው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የዞረው። ልብስ ማጠቢያ ቤትን ተጠንቀቅ ብሎ የሚያከብር ወታደር በዕድሜዋ አላየችም። አሻራውን ማንም እንዳይረግጠው በጀልባ ሸራ አስከለለችውና ለሺራኦ ምንም አላለቻትም።

ባሻ ኦኩዴራ መጋዘኑ ውስጥ መቅዘፊያ ቀለም ይቀባሉ። ባሕሩ ፊታቸውን እንደ አሮጌ ቆዳ አድርጎታል፤ እዚህ ማውረጃ ላይ የኖሩት አብዛኞቹ ዕጩዎች ከመወለዳቸው በፊት ጀምሮ ነው።

«ትናንት ከሻምበሉ ጋር ተጨቃጭቀዋል አሉ፣ ባሻ።»

«ተጨቃጭቄአለሁ። ልጆቹ ጀልባዬን ድንጋይ ላይ ጎተቱብኝ፤ እሱ ደግሞ ‹ለጀልባ ሳይሆን ለሰው ነው የምጨነቀው› አለኝ። ከዚያ ወደ ቀለም መጋዘን ሄድኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ከፈለጉ ይሰሩኝ። መለከቱ ካበቃ በኋላ ነው ጩኸት ሰምቼ የመጣሁት።»

«ለሰው የተጨነቀው ለምንድን ነው?»

ሽማግሌው ብሩሹን አስቀመጡ። «ያለፈውን ወር የባሕር ዋና ሥልጠና ሰምተዋል። ማዕበል ነበር። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ እስካሁን ሆስፒታል ተኝቶ ዓይኑን አልገለጠም። ሰኞ አጣሪ ጓድ ይመጣል።»

«ዕጩዎቹን ባሕር ያስገባቸው ሃጊኖ ነው ይባላል።»

«ይባላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እኔ ባሕሩ አይሆንም ብያለሁ። ሻምበሉም አይሆንም ብሏል። ትእዛዝ ግን ከላይ መጣ።»

«አይጡ ማነው?»

«ጡረታዬን እየጠበቅኩ ነው፣ ሻለቃ።»

«እኔም።»

ተያዩና ሁለቱም ድክም ያለ ሳቅ ሳቁ። ከዚያ ኦኩዴራ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰኞ ሁሉን እናገራለሁ ብሎኝ ነበር። ‹መጀመሪያ ግን ለራሱ ለሰውየው ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፤ ከኋላ መውጋት አልወድም› አለ። ሞኝ ልጅ ነበር፤ ጥሩ ሞኝ።»

ቶኪዋ ወደ በሩ ሄደች። «ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ምን አለ?»

«አሁን የብስክሌት ማቆሚያ ነው።»

«አሁን?»

«ዋናው መሥሪያ ቤት ከነሰንደቅ ምሰሶው ወደ ኮረብታው ሳይዛወር እዚያ ነበር እኮ። እኔ ራሴ ልማዱ እስኪለቀኝ...»

«መቼ ተዛወረ?»

«አሥር ዓመት አልፎታል።»

የምሳ ሰዓቱ ባቡር ሄዷል። ቶኪዋ እዚያው ተገልብጦ በተቀመጠ ጀልባ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸች። ነገሩ ገብቷት ነበር፤ ግን ደስ አላላትም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገባት ደስ ይላት የነበረው ድሮ ነው።

ወደ ማታ ዝናቡ አባራ። ከላይ መንገዱ ላይ የከተማው ፖሊስ መኪና ቆሟል። ቶኪዋ ልጁን ከሁለት ዘቦች ጋር፣ ሺራኦን፣ ኦኩዴራንና ኮሎኔሉን ከመጋዘኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል?» አሉ ኮሎኔሉ ሰዓታቸውን እያዩ። «ልጁን ከማስጨነቅ በቀር!»

«አንድ ነገር ብቻ እንዲያስረዱኝ ነው፣ ጌታዬ። እዚህ ይምጡ። በተማሪነትዎ የጀልባ ቡድኑ አለቃ ነበሩ ይባላል፤ እውነት ነው?»

«ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ። በየማታው እዚህ...»

መለከቱ ተነፋ።

ወሬው ተቆረጠ። ዘቦቹ፣ ልጁ፣ ሺራኦና ኦኩዴራ እንደ አንድ ሰው ወደ ጥዱ ኮረብታ ዞረው ተረከዛቸውን አጋጠሙ። ኮሎኔል ኢናጋኪም ዞሩ፤ ቀጥ ብለው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ቤት። ብቻቸውን ነበሩ። መለከቱ እስኪያበቃ ማንም አልተነቃነቀም። ቶኪዋ ብቻ ቆማ እግር ታይ ነበር።

ሲያበቃ ኮሎኔሉ ዘወር አሉ፤ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሞ አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ቶኪዋ ሸራውን ገለጠች። «ይህን አሻራ እዩት። ሃጊኖ ሲወድቅ አጠገቡ ሰው ነበር። ያን ጊዜ መለከቱ ተነፋ፤ ሰውየው ተጠንቀቅ ብሎ ቆመ። ሙናካታ ቢሆን ኖሮ አሁን እንዳያችሁት ወደ ጥዱ በዞረ ነበር። መቶ አለቃ ሺራኦም እንደዚያው፤ እሷ ስትማር ሰንደቁ ኮረብታው ላይ ነበር። ባሻ ኦኩዴራ የድሮውን ቦታ ያውቃሉ፤ ግን ምሰሶው ከተነሣ ወዲህ በየማታው እዚሁ ቆመው ወደ ኮረብታው ሲዞሩ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። የጫማው አፍንጫ የዞረው ድሮ ሰንደቅ ወደነበረበት ነው። እንዲህ የሚዞር ሰው በድሮው ጊዜ እዚህ ማውረጃ ላይ የሠለጠነ፣ ከዚያ ርቆ የኖረና ገና በቅርቡ የተመለሰ ሰው ብቻ ነው። ሰልፍ ሜዳ ላይ ዓይን ይመራዋል። እዚህ ሰንደቁ አይታይም፤ እግር በልጅነቱ የተማረውን ያደርጋል።»

«እግር መዞር ማስረጃ ነው?» አሉ ኮሎኔሉ። ድምፃቸው ግን ሻክሯል።

«ብቻውን አይደለም። ትናንት ከመስኮትዎ ሰንደቁ አምሮ ሲወርድ አየሁ አሉኝ። ትናንት ነፋስ ገመዱ ላይ ጠቅልሎት ነበር፤ መለከቱ አብቅቶም አልወረደም። መስኮቱ ላይ የነበረ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ሃጊኖ ደግሞ ሰኞ ለአጣሪዎቹ ሊናገር የነበረውን አስቀድሞ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው ፊት ለፊት ሊነግር አስቦ ነበር። ልጆቹን በማዕበል ባሕር ያስገባው ማን እንደሆነ።»

ኦኩዴራ መሬት መሬት እያዩ «እሳቸው ናቸው ያዘዙት» አሉ። «ሁለታችንም እንቢ ብለን ነበር። ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ።»

ኮሎኔሉ ለመካድ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ደከማቸው። ቶኪዋ ድካሙን አወቀችው።

«ገፋ ነው ያደረግኩት» አሉ። «‹ያንን ልጅ ሆስፒታል ሄደህ አይተኸዋል?› አለኝ። ‹አንተ› አለኝ፤ ሻምበል ለኮሎኔል! ገፋሁት፤ ሐዲዱ አዳለጠው። ልጎትተው ስል መለከቱ ተነፋ።»

«እና?»

«እናማ ቆምኩ።» እንዳላመነቻቸው ሁሉ አዩዋት። «ሠላሳ ዓመት መለከት ሲነፋ ቆሜአለሁ! ሲያበቃ ከላይ ሰው በደረጃ እየሮጠ ሲወርድ ሰማሁ። በመጋዘኑ ጀርባ ወጥቼ ሄድኩ።»

«ማታውኑ ደግሞ ሊያነሣው የሮጠውን ልጅ ለፖሊስ ሊያስረክቡት ተነሡ» አለች ቶኪዋ። ተቆጥታ ነበር፤ ለቁጣ ጉልበት የተረፋት አልመሰላትም ነበር።

ያን ጊዜ ልጁ ተዳፋቱ ላይ ቁጭ አለ። «እኔም ቆሜ ነበር» አለ። «ከላይ መንገዱ ላይ። ሻምበሉ ውኃው ጫፍ ወድቀው አየኋቸው። እጃቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። መለከቱ እየተነፋ ነበር... እስኪያበቃ ቆምኩ። ከዚያ ነው የሮጥኩት። ስደርስ እጃቸው አይንቀሳቀስም።»

ሺራኦ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ፖሊሶቹ ወርደው ኮሎኔሉን ይዘው ሄዱ። ኦኩዴራና ሺራኦም ዘቦቹን አስከትለው ወጡ። ቶኪዋ ደረጃውን ለመውጣት ጉልበቷ እሺ ስላላላት ከልጁ አጠገብ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። ባሕሩ እየሞላ ነው።

«ያኔውኑ ብሮጥ ኖሮ ይተርፉ ነበር?» አላት።

‹አይተርፍም ነበር› ማለት ቀላል ነው። ልጁ ያንን ይዞ ይተኛል፣ እሷም የማታውን ባቡር ትይዛለች፤ የሚጎዳ ሰው የለም። ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ይህ ልጅ የሚሸከመውን ሳያውቅ እንዲሸከም ማድረግ ሌላ በደል መሰላት።

«ምናልባት» አለችው።

ልጁ ጉልበቱን አቅፎ አለቀሰ። ሳትነካው ሳታባብለው እስኪወጣለት ጠበቀችው።

«አንተ አልገደልከውም፣ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «የገፋው አለ፤ አጠገቡ ቆሞ ትቶት የሄደም አለ። አንተ ዘግይተህ ነው የሮጥከው፤ ያንን ግን የራስህ አድርገህ ትኖራለህ። ከዚህ ውጣም ቆይም አልልህም። ሻምበሉ እንዳለህ መጀመሪያ ተኛ። ብትቆይ ግን ሌላ ቀን ሰው ወድቆ ስታይ ሩጥ። ምንም ቢነፋ፣ ማንም ቢያይህ፣ ሩጥ።»

ልጁ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «መለከት እየተነፋ እንድሮጥ ማን ይፈቅድልኛል?» አለ። ሊከራከራት ፈልጎ አልነበረም፤ መልሱ ጠፍቶት ነው።

«ማንም አይፈቅድልህም» አለችው። «መኮንን የምትባለው ለዚያ ነው።»